ለረጅም የሀገር አቋራጭ ጉዞ መኪናን ስለ ማዘጋጀት



በቀድሞ ዘመን ከአፋር ረባዳ ምድር አሞሌ ጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣ ሲራራ ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው የአጋሰሱን ጀርባ ነበር። ጭነቱን በግራና በቀኝ ያመዛዝናል፤ ከእንስሳው አቅም በላይ የሆነውንም ሳይሳሳ ይተወዋል። በመንገድ የወደቀ አጋሰስ ጭነቱን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም በረሃ ላይ እንደሚያስቀር ያውቃልና ነው። ዛሬ የላንድክሩዘር ወይም የላንድሮቨር ዓይነት ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና አሻሽሎ ለሩቅ መንገድ የሚነሣ ሰው ግን በብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ምን ልጨምርበት?» ብሎ ነው። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ለምሳሌ ያህል ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በመቀሌ በኩል ወደ ዳሎል የሚወርደው መንገድ ይወሰድ። ይህ መንገድ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ፍጻሜው ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ ምድር ላይ ነው። አራት ሰዎች ለአምስት ቀን በረሃ ቢሰነብቱና ለእያንዳንዱ በቀን 6 ሊትር ውሃ ቢመደብ፣ ውሃው ብቻ 120 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 180 ሊትር ናፍጣ 150 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሰዎቹ ከነጓዛቸው 340፣ የብረት ፓራውልትና ዊንች 100፣ ፖርቶ መጋላና ድንኳን 90፣ ሁለት ትርፍ ጎማ ከነቸርኬው 75፣ መሣሪያና መለዋወጫ 60 ኪሎ ግራም ቢገመት ድምሩ 935 ይሆናል። የመኪናው የመጫን ልክ 800 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ባለቤቱ ገና ምግብ ሳይጭን 135 ኪሎ ግራም አሳልፏል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ የተለመደው መፍትሔ ባሌስትራ መደረብ ነው። የጎበጠው መኪና ቀና ይላል፤ ባለቤቱም ችግሩ የተወገደ ይመስለዋል። ነገር ግን ተደራቢ ባሌስትራ ክብደቱን ይደብቀዋል እንጂ አይቀንሰውም። ሻንሲው፣ የጎማው ኩሽኔታ፣ አክሱሉና ፍሬኑ ሁሉ ቀድሞ የነበሩት ናቸው። መኪናው ከፍ ሲልም የፍሬኑ ጎማ ቧንቧ ይወጠራል፤ ጉልበት አስተላላፊው ዘንግ ካልተሠራበት ማዕዘን ላይ ይዞራል። እንደዚሁም ተለቅ ያለ ጎማ ድንጋይ ለመሻገር ቢረዳም፣ ቁመቱ በ10 በመቶ ቢጨምር የፍጥነት መለኪያው 80 ሲያሳይ መኪናው በእውነት የሚሄደው 88 ኪሎ ሜትር ነው። ከላይ በፖርቶ መጋላ የሚከመር ጀሪካንም ሚዛኑን ወደ ላይ ስለሚያወጣው፣ በጎን በተዘነበለ መንገድ ላይ የመገልበጥ አደጋን ያቀርባል።

የዚህ ሁሉ ውጤት ጎልቶ የሚታየው በቁልቁለት ላይ ነው። ከመቀሌ ደጋ እስከ ጨው ሜዳው 2200 ሜትር ያህል ሲወረድ፣ ከነጭነቱ 3200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና የሚያወጣው ኃይል 200 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ሙቀት ሞተሩ በከባድ ማርሽ ካልተሸከመው ፍሬኑ ይሸከመዋል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ የተደነገገ ሲሆን፣ ከአየር እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉም ያለ አንዳች ተቃውሞ ወለል ይነካል። ስለዚህም ከብዙ ጌጠኛ ማሻሻያ ይልቅ አንድ ጠርሙስ አዲስ የፍሬን ዘይት የሰው ሕይወት ያድናል።

በአንጻሩ ደግሞ ሽቅብ ሲወጣ ሌላ ፈተና አለ። በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ውሃም በዚህ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን በትክክል ካልያዘ፣ ከመጠን በላይ የተጫነ መኪና ዳገቱ አጋማሽ ላይ ይቆማል።

እንግዲህ የዝግጅቱ ሥርዓት እንዲህ ሊሆን ይገባዋል። መኪናው ሙሉ ጭነቱንና ተሳፋሪዎቹን እንደያዘ በምድር ሚዛን ላይ ይውጣ፤ የፊቱና የኋላው አክሱል ለየብቻ ተመዝኖ ፋብሪካው በሰሌዳው ላይ ካሰፈረው ልክ ጋር ይነጻጸር። ከልክ ያለፈ ቢገኝ የሚቀነሰው በመጀመሪያ ብረቱ ነው፤ ውሃው ግን አይነካም። ከዚያም ከነጭነቱ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር በኮረኮንች ይሞከርና ብሎኖቹ ሁሉ ዳግመኛ ይጥበቁ፤ የላላውና የፈሰሰው በከተማ ይገኝ። ለአሸዋ ሲባል የጎማ ነፋስ የሚቀንስም፣ ወደ ጠንካራው መንገድ ሲመለስ የሚሞላበትን መንፊያ አስቀድሞ ይያዝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በረሃ ላይ የፈሰሰ ውሃ ግን አይለቀምም። ስለሆነም መካኒኩም ሆነ መሐንዲሱ የደንበኛውን ምኞት ተቀብሎ ብረት ከመበየዱ በፊት ሚዛኑን ሊያሳየው፣ አስፈላጊም ሲሆን «ይህ ይቅር» ሊለው የሙያው ግዴታ ነው።