የጥንት የእርሻ ትራክተሮችን ለማደስ የጥገና መጽሐፍ አመራረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




አንድ የጥንት ትራክተር ለዕድሳት ወደ ጋራዥ በሚገባበት ጊዜ ባለሙያው ከመፍቻው አስቀድሞ መጽሐፍ ሊያነሣ ይገባዋል። ስለምን ቢባል፣ አዲስ ማሽን ሲሰበር ተተኪው ዕቃ ከሻጩ መደርደሪያ ይገኛል፤ ከሰባ ዓመት በፊት የተሠራ ማሽን ቴስታው አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ ግን ምትኩን ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳት የሚያደርሰው ሁልጊዜ የእጅ ድክመት አይደለም፤ ለሌላ ማሽን የተጻፈ መጽሐፍም ያደርሰዋል። ስለዚህ መጽሐፉ መመረጥ ያለበት በትራክተሩ ስም ብቻ ሳይሆን፣ በብረቱ ላይ በተመታው ቁጥርና በራሱ በብረቱ ምስክርነት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሚሆነው በአሜሪካ ከ1947 እስከ 1952 የተሠራው ፎርድ 8ኤን ነው። ይህ ትራክተር በመጀመሪያ ዲስትሪቢዩተሩ ከሞተሩ ፊት ለፊት የተገጠመ ነበር። በ1950 ከመለያ ቁጥር 263844 ጀምሮ ግን ወደ ሞተሩ ጎን ተዛወረ። በፊተኛው ዓይነት የፕላቲኖቹ ክፍተት 0.015 ኢንች ሲሆን፣ በጎነኛው 0.025 ኢንች ነው። ስሙ አንድ፣ መልኩም አንድ ሲሆን ልኩ ግን ሁለት ነው። በዚህ ላይ መለያ ቁጥሩ የተመታው በሞተሩ ብረት ላይ ስለ ሆነ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ሞተሩ የተለወጠ እንደ ሆነ ቁጥሩ ስለ ሞተሩ እንጂ ስለ ቀሪው አካል አይመሰክርም። ስለዚህ ባለሙያው ሌላውን ምልክት ደግሞ ይመረምራል፤ 8ኤን ባለ አራት ማርሽ ሲሆን፣ ሁለቱም የፍሬን ፔዳሎች በስተቀኝ ናቸው፤ ቀዳሚዎቹ 9ኤንና 2ኤን ግን ባለ ሦስት ማርሽ ናቸው።

በማሴይ ፈርጉሰን 35 ላይ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። በእንግሊዝ አገር በመጀመሪያ የተሠራው የናፍጣ ዓይነት ባለ አራት ሲሊንደር የስታንዳርድ ሞተር ነበረው፤ ከ1959 ወዲህ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር ተተካለት። በአሜሪካ የተሠራው የቤንዚን ዓይነት ደግሞ የኮንቲኔንታል ሞተር ነበረው። «የ35 መጽሐፍ» ብሎ የሚገዛ ሰው እንግዲህ የትኛውን ሞተር የሚገልጽ መጽሐፍ እንደ ገዛ ሳያውቅ ገንዘቡን ይከፍላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ይሆንበታል።

ማሽኑ ተለይቶ ከታወቀ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ የመጽሐፉ ዓይነት ነው። መጻሕፍቱ በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ፋብሪካው ለገበሬው የጻፈው የነጂ መመሪያ ነው፤ ይህም የዘይቱን ዓይነትና መጠን፣ የግራሶ መስጫዎቹን ቦታና የየዕለቱን እንክብካቤ ይገልጻል። ዋጋው አነስተኛ ቢሆንም ቅድሚያ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው ለሻጩ ድርጅት መካኒኮች የተጻፈው የጋራዥ መጽሐፍ ነው፤ የመፍታቱን ቅደም ተከተል፣ የመበላትን ወሰንና የማጥበቂያውን ልክ የያዘ ነው። ነገር ግን አንባቢው ሥልጠና የወሰደና ልዩ መሣሪያ ያለው ነው ብሎ ስለሚገምት፣ አንዳንድ ነገር ሳያብራራ ያልፋል። ሦስተኛው የመለዋወጫ ዝርዝር ነው። ብዙዎች ይህን ለዕቃ ማዘዣ ብቻ የሚውል አድርገው ይመለከቱታል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱን ክፍል ተነጣጥሎ በተራው በሥዕል ስለሚያሳይ፣ ሌላ ሰው ፈትቶ በሣጥን የተወውን ካምቢዮ ለሚገጥም ባለሙያ ትልቅ ረዳት ነው። ሦስቱ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ስለ ሆነ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

መጽሐፉ ከተገኘም በኋላ መለኪያው በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። የአሜሪካና የእንግሊዝ መጻሕፍት የማጥበቂያውን ልክ በፉት-ፓውንድ ይሰጣሉ። 65 ፉት-ፓውንድ ማለት 88 ኒውተን-ሜትር ወይም 9 ኪሎግራም-ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የቴስታውን ብሎኖች በ65 ኒውተን-ሜትር ያጠበቀ ሰው፣ ከሚገባው ሩብ ያህል አጉድሎአልና ጓርኒሲዮኑ ቢያፈስ ሊደነቅ አይገባም። የኤሌክትሪኩም ነገር እንዲሁ ነው። ፎርድ 8ኤን ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ 6 ቮልት ሆኖ፣ ከአካሉ ጋር የሚገናኘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነበር። በዛሬው ልማድ ኔጌቲቩን ከአካሉ የሚያስር ባለሙያ መጽሐፉን አላነበበም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጥንቱ መጽሐፍ ፍጹም አይደለም። በዚያን ዘመን የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ ይገባበት ነበር፤ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ ስለ ሆነ፣ መጽሐፉ ምንም ቢል በአየር ግፊት ሊነፋ አይገባም። ዕቃን በቤንዚን ማጠብም እንዲሁ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። በልክና በአሠራር ረገድ የጥንቱን መጽሐፍ፣ በጤናና በደኅንነት ረገድ ግን የዛሬውን ዕውቀት መከተል የባለሙያው ግዴታ ነው።

መጽሐፉን ከመግዛት በፊት በሽፋኑ ውስጥ የተጻፈውን የመለያ ቁጥር ወሰን ማንበብ፣ የታተመበትን ዓመት ከማሽኑ ዓመት ጋር ማስተያየት፣ እንደገና የታተመ እንደ ሆነም ሥዕሎቹና የልክ ሠንጠረዦቹ በግልጽ የሚነበቡ መሆናቸውን ማየት ያስፈልጋል። የደበዘዘ ሠንጠረዥ 3ቱን 8 አስመስሎ ያሳስታል።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ባለሙያ ሩቅ አይደለም። ማሴይ ፈርጉሰን በአገሪቱ እርሻዎች የታወቀ ስም ነው፤ በ1980ዎቹም በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሞአል። ስለዚህ በአንድ ጋራዥ ውስጥ በፉት-ፓውንድ የሚናገር የእንግሊዝኛ መጽሐፍና በኪሎግራም-ሜትር የሚናገር የሶቪየት መጽሐፍ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። የጋራዡ ቋንቋ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ቴስታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። እንግሊዝኛውንም ሩሲያኛውንም አጣርቶ ለማያነብ መካኒክ ከረጅም ሐተታ ይልቅ ጥሩ ሥዕል ያለው መጽሐፍ ይበልጥበታል፤ በመጽሐፉ ኅዳግ የጋራዡን ቃል በፊደል ጽፎ ማስቀመጥም ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ተለማማጅ ትልቅ ውለታ ነው።

በየእርሻው ዳር ቆመው የሚዝጉት ትራክተሮች መጽሐፋቸው ከእነርሱ ቀድሞ የጠፋባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። መሥሪያ ቤቶችና የግል እርሻዎች መጋዘናቸውን በሚያጸዱበት ጊዜ ዘይት የነካውን መመሪያ ከቆሻሻ ጋር እንዳይጥሉ ማሳሰብ፣ የተገኘውንም ከማሽኑ መለያ ቁጥር ጋር መዝግቦ ማኖር ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቅ ነው። ብረቱን የሚያድሰው እጅ ነው፤ እጁን የሚመራው ግን በወቅቱ የተጠበቀ መጽሐፍ ነው።