ከናኪቩቦ እስከ ኪጉንጉ



የመልክዐ ምድር ትምህርት ካርታ ላይ በጣት በመጠቆም ብቻ የተሰጠ እንደ ሆነ ተማሪው ስሞችን ይይዛል፤ ነገሩን ግን አያገኘውም። የአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ይህን ጉድለት እንደሚሞላ ለማስረዳት፣ በኡጋንዳ ከናኪቩቦ ወደ ኢንቴቤ ባሕረ ገብ መሬት የሚወስደው መንገድ መልካም ምሳሌ ነው።

ናኪቩቦ በካምፓላ ከተማ መካከል፣ ከኮረብቶች ሥር ያለ ዝቅተኛ ስፍራ ነው። በዚያ የሚያልፈው ቦይ የከተማውን ጎርፍና እድፍ ተሸክሞ በረግረግ በኩል ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ፣ መርቺሰን ወደሚባለው ወሽመጥ ይወርዳል። በረግረጉ የሚበቅለው ደንገል፣ ይኸውም የጣና ሰው ታንኳ የሚሠራበት ተክል፣ እድፉን እየያዘ ውሃውን ያጣራል። ደንገሉ እየተመነጠረ በጎደሬ ማሳና በቤት ሲተካ ግን ማጣሪያው ጠበበ። ለከተማው የሚጠጣ ውሃ ከሚቀዳባቸው ስፍራዎች አንዱ የሆነው ጋባም በዚያው ወሽመጥ ዳር ይገኛል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

መንገደኛው ከናኪቩቦ ተነሥቶ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ ጡብና የጣራ ሸክላ የሚሠራባትን ካጃንሲን አልፎ ኢንቴቤ ይደርሳል። ስሙ በሉጋንዳ ቋንቋ «መቀመጫ» ማለት ነው። እንግሊዞችም የአስተዳደራቸው መቀመጫ አድርገውት ነበር፤ የዕፀዋቱም ስፍራ በ1898 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። ከከተማው ወዲያ መንገዱ ወደ ዓሣ አጥማጆች መንደሮች ይወርዳል። ከናኪዎጎ ወደ ሰሴ ደሴቶች በመርከብ ይኬዳል። በኪጉንጉ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የሆኑት አባ ሉርዴልና ወንድም አማንስ በየካቲት 1879 እ.ኤ.አ. ከጀልባ ወርደው ምድሩን ረግጠዋል። ዛሬ በዚህ ዳርቻ ሙኬኔ የሚባለው ጥቃቅን ዓሣ በፀሐይ ይሰጣል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ከመጠን በላይ ሞልቶ የዳርቻ ቤቶችን ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ መጀመሪያ የተጎዳው በውሃው ዳር የሚኖረው ድኻ ነው።

ይህን መንገድ የሄደ ተማሪ ሦስት ጥያቄ ይዞ ይመለሳል፤ ውሃው ከየት መጣ? ማን ይጠጣዋል? ማንስ ይጠብቀዋል? ጥያቄውም የኡጋንዳ ብቻ አይደለም። ከቪክቶሪያ ሐይቅ በጂንጃ የሚወጣው ውሃና ከጣና የሚወጣው ዓባይ ካርቱም ላይ ይገናኛሉ። እንቦጭ የተባለውም አረም በቪክቶሪያ ከታየ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ታየ። የአንዱ ሐይቅ መከራ ለሌላው ማስጠንቀቂያ ሊሆን በተገባው ነበር።

ስለዚህ የባሕር ዳር መምህር ተማሪዎቹን ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ቢወስድ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የቆየውን ደንና በጥላው ሥር የሚለማውን ቡና አሳይቶ እነዚያኑ ሦስት ጥያቄዎች ሊጠይቃቸው ይችላል። ደንገሉን በዓይኑ ያየና ሥራውን የተረዳ ልጅ፣ አድጎ ሹም በሆነ ጊዜ ይመነጠር ብሎ ለመፈረም እጁ ይከብደዋል። የመምህር ድካም ፍሬውም ይኸው ነው።