ከመነሻው መስመር በፊት፦ ለተራራ አልትራ ማራቶን የመጨረሻዎቹ ቀናት ዝግጅት

በሳቢያን፣ ድሬዳዋ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለስፖርት ቤተሰብ የቀረበ የአደባባይ ንግግር ሙሉ ቃል



በሳቢያን ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ ስለ ተራራ ብርድ መስማት ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከቆላ ተነሥቶ ወደ ደጋ የሚወጣ ሯጭ ከማንም በላይ ሊያስብበት የሚገባው ጉዳይ ይኸው ስለሆነ ርእሱን የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው።

አልትራ ማራቶን ስንል ከ42.195 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ማንኛውንም ሩጫ ማለታችን ነው። በደቡብ አፍሪካ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ መካከል የሚካሄደው ኮምሬድስ እ.ኤ.አ. በ1921 የተጀመረ ሲሆን ርዝመቱ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሞን ብላን ተራራ ዙሪያ የሚካሄደው ውድድር ደግሞ ፈረንሳይን፣ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን አቋርጦ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ያስጉዛል፤ የዳገቱ ድምርም ወደ 10,000 ሜትር ይደርሳል። እኛ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ ማሞ ወልዴም እ.ኤ.አ. በ1968 በ2,240 ሜትር ከፍታ በሜክሲኮ ሲቲ ያሸነፉባት አገር ልጆች ነን። ስለዚህ ሩጫና ከፍታ የእኛ ናቸው ብለን እናምናለን። ይህ እምነት ጉልበት ይሰጣል። ነገር ግን የማራቶን ክብር በተራራ ላይ ለሚያድር ሯጭ ልብስ ሊሆነው አይችልም።

ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ምን ልጨምር?» ይላሉ። የዛሬው ንግግሬ በአጭሩ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት የሚጨመር ብርታት የለም። የሚሠሩት ሥራዎች ሁለት ናቸው፤ የተገኘውን አቅም መጠበቅ እና በተራራው ላይ የሚያስፈልጉትን ውሳኔዎች አእምሮ ገና ሙቅና ረጋ ያለ ሳለ አስቀድሞ መወሰን። ሁለተኛው ሥራ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሕይወት የሚያስከፍለውም እርሱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ እግር ልናገር። ሰውነት ለልምምድ የሚሰጠው ምላሽ ጊዜ ይወስዳል። ዛሬ የተሮጠ ረዥም ሩጫ በመጪው እሑድ የሚተርፈው ድካሙ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመና ቀደም ሲል የተደረጉ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ እንዳመለከተው፣ የተሻለ ውጤት የተገኘው የልምምዱን መጠን ለሁለት ሳምንት ያህል ከ41 እስከ 60 በመቶ በመቀነስ፣ ፍጥነቱን ግን ባለበት በማቆየት ነው። እንግዲህ መቀነስ ያለበት ኪሎ ሜትሩ ነው፤ ፍጥነቱ እንዳለ ይቆይ።

የተራራ ሯጭ በተለይ ሊያስብበት የሚገባው ቁልቁለት ነው። ዳገት ሳንባን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ግን የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት እንዲሸከም ስለሚያስገድደው ጡንቻውን በረቂቁ ይሰነጣጥቀዋል። ደስ የሚለው ነገር፣ አንድ ጊዜ ቁልቁለት የለመደ ጡንቻ ለሳምንታት ያህል ከቀጣዩ ጉዳት የመጠበቅ ባሕርይ ያዳብራል። ለዚህ ደግሞ ድሬዳዋ የታደለች ናት። ከከተማችን ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ እየተጠማዘዘ ደንገጎን ይወጣል። ያ ዳገት ሲመለሱበት ቁልቁለት ነው። የምመክረው የመጨረሻው ጠንካራ የቁልቁለት ልምምድ ውድድሩ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው በእንዲህ ያለ ስፍራ እንዲደረግ ነው። በመጨረሻው ሳምንት በደንገጎ እየሮጡ መውረድ ግን ለውድድሩ የተቀመጠን እግር አስቀድሞ መብላት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሐረር ወደ 1,900፣ አዲስ አበባ ወደ 2,400፣ የሰሜን ተራሮች መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ትጠጋለች። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ያልፋል፤ የባሌው የሳነቴ አምባም 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። በ4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። «ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ከፍታ አይከብደኝም» የሚል የድሬዳዋ ልጅ ራሱን ከበቆጂና ከደብረ ብርሃን ልጅ ጋር እያመሳሰለ ነው። ደም ግን ዜግነትን አያውቅም፤ የሚያውቀው የኖረበትን ከፍታ ነው።

ቀይ የደም ሴል እስኪበዛ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ጊዜና ገንዘብ ያለው ሯጭ ከውድድሩ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀድሞ ደጋ ላይ መክረም ይገባዋል። ይህን የማይችል ደግሞ ጉዞውን በእርከን ቢያደርገው ይሻላል፤ ጥቂት ሌሊት በአዲስ አበባ፣ ጥቂት ሌሊት በደባርቅ። የተራራ ሕክምና ባለሙያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመክራሉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከታዩ ወደ ላይ መውጣት ይቁም። ሰውየው ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ዐርፎ ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው፣ መድኃኒቱ ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ሆድ ነው። ከውድድሩ በፊት ባሉት አንድ ወይም ሁለት ቀናት ጡንቻ በቂ የስኳር ክምችት እንዲይዝ ኃይል ሰጪ ምግብ በብዛት ይበላል፤ በአንጻሩ አሠር የበዛበት፣ ቅባቱ የከበደና በርበሬው የበረታ ምግብ ይቀነሳል። ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ድንችና ሙዝ ለዚህ ይስማማሉ። በሩጫው ላይ ብዙ ባለሙያዎች በየሰዓቱ ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዲወሰድ ይመክራሉ። ይህን ከውጭ በሚመጣ ውድ ምግብ ብቻ ማሰብ አያስፈልግም። በማርና በጨው የተበጠበጠ በሶ አያቶቻችን ለረዥም መንገድ የሚይዙት ስንቅ ነበር፤ ዛሬም ያገለግላል። ሕጉ አንድ ነው፤ በልምምድ ያልተሞከረ ምግብ በውድድር ቀን ወደ አፍ አይግባ።

ውሃን በተመለከተ ከተማችን የሠራችብን አንድ ልማድ አለ። በሙቀት ውስጥ ያደገ ሰው «ሳይጠማህ ጠጣ» እየተባለ ያድጋል። በቀዝቃዛ ተራራ ላይ ለረዥም ሰዓት ከመጠን በላይ ውሃ መጠጣት ግን የደምን ጨው ያቀጥናል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ላይ 488 ሯጮችን የመረመረና በ2005 የታተመ ጥናት 13 በመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር እንደታየባቸው አረጋግጧል። ስለዚህ ጥማትን መሠረት አድርጎ መጠጣት ይመረጣል። አይቡፕሮፌንን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችም በደከመና ውሃ ባነሰው ሰውነት ውስጥ ኩላሊትን ስለሚጎዱ ከመነሻው ቦርሳ ውስጥ ባይገቡ ይሻላል።

በዚህ አካባቢ ሆኜ ስለ ጫት ሳላነሣ ባልፍ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። ጫት እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ የልብ ምትን ይጨምራል። የመጨረሻው ሳምንት የሚጠይቀው ደግሞ እንቅልፍና ምግብ ነው። ከዚህም ሌላ በጫት ውስጥ የሚገኙት ካቲኖንና ካቲን በዓለም አቀፉ የተከለከሉ አበረታች ቅመሞች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ፤ ካቲን በውድድር ጊዜ በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም ሲበልጥ ጥፋት ይሆናል። ጾምም እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። በረመዳን ቀን ቀን ውሃ የማይጠጣ፣ በዐቢይ ጾምም ሰዓት ቆጥሮ የሚበላ ሯጭ ሃይማኖቱንና ሰውነቱን እንዳያጋጭ፣ የውድድሩን ቀን ሲመርጥ ዝግጅቱን እንደጀመረ ይቁጠረው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እመጣለሁ። የአየር ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በድሬዳዋ 30 ዲግሪ ሲሆን በ4,200 ሜትር ላይ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። በዚህ ላይ ነፋስና ዝናብ ሲጨመሩ፣ የደከመ ሯጭም ሙቀት የሚያመነጭበት ኃይል ሲያልቅበት፣ የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሃይፖተርሚያ የሚባለው ይህ ነው።

ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቻይና ጋንሱ ክፍለ ሀገር በተካሄደ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ 172 ሰዎች ተነሡ። አብዛኞቹ ቁምጣና ቀጭን ካናቴራ ለብሰው ነበር። ረዥም ዳገት ባለበት፣ መኪናም በማይደርስበት ክፍል ላይ ሳሉ ብርቱ ነፋስና ቀዝቃዛ ዝናብ ወረደባቸው። 21 ሯጮች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ሊያንግ ጂንግን የመሰለ በአገሩ የታወቀ የአልትራ ሯጭ ይገኝበታል። ነፋስ የሚከላከል ጃኬት የሚመከር እንጂ የግዴታ ዕቃ አልነበረም፤ ብዙዎቹም ጃኬታቸውን ወደ ፊት በሚገኝ ጣቢያ እንዲጠብቃቸው ልከውት ነበር። ስድስት ሯጮችን ያተረፈው በዋሻ ውስጥ እሳት አንድዶ ያሞቃቸው አንድ እረኛ ነው።

ስፍራው ከራስ ዳሽን ጋር የሚወዳደር ከፍታ አልነበረውም። የሞቱትም አቅመ ደካሞች አልነበሩም። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? ልብሱ ከሰውየው ጋር አለመሆኑና «አሁን እንመለስ» የሚለው ውሳኔ በጊዜ አለመወሰኑ ይመስለኛል። ከላይ የሚመጣ ነገር ከታች እንደማይታይ ድሬዳዋ በመራራ ልምድ ታውቃለች። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ሲወስድ፣ ብርቱው ዝናብ የዘነበው ከከተማይቱ በላይ ባለው ደጋ ነበር።

ስለዚህ ከውድድሩ በፊት ባለው ምሽት እነዚህ ነገሮች በሯጩ ጀርባ ላይ መኖራቸው ይረጋገጥ፦ ኮፍያ ያለውና ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ሙቀት የሚይዝ የውስጥ ልብስ፣ ጓንት፣ ሰውነት የሚጠቀለልበት ብርማ የአደጋ ጊዜ ሽፋን፣ ፊሽካ፣ ባትሪው የተሞላ ስልክ፣ ቢያንስ 1 ሊትር ውሃ፣ ትርፍ ምግብ፣ የራስ መብራትና ትርፍ ባትሪ። በአገራችን ጀምበር ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ ጨለማውም አይዘገይም። የጥጥ ልብስ በዝናብ ሲርስ ሙቀት አይዝም፤ የደጋ ሰው ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናና በርኖስ የሚለብሰው በከንቱ አይደለም።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ሯጭ በወረቀት ላይ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች እንዲጽፍ እመክራለሁ። አንደኛ፣ «እስከዚህ ሰዓት ድረስ እዚህ ጣቢያ ካልደረስሁ አቆማለሁ»። ሁለተኛ፣ «መንቀጥቀጥ ከጀመርሁ ወዲያውኑ ልብሴን እለብሳለሁ፤ ለብሼም ካልተወኝ ወደ ታች እወርዳለሁ»። ሦስተኛ፣ «ንግግሬ ከተኮላተፈ ወይም እርምጃዬ ከተንገዳገደ ውሳኔው የእኔ ሳይሆን የጓደኛዬ ነው»። ወረቀቱን ለሚያጅበው ሰው ይስጠው። ብርድ አስቀድሞ የሚሰርቀው ማመዛዘንን ነውና፣ በብርድ ውስጥ ያለ አእምሮ ራሱን ሊዳኝ አይችልም።

ይህ ኃላፊነት በሯጩ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። የግዴታ ዕቃዎችን በመነሻው ላይ የማይፈትሽ አዘጋጅ ምክር ሰጠ እንጂ ሕግ አላወጣም። እኛ መምህራንም ተማሪን እንዴት እንደሚያሸንፍ ስናስተምር፣ መመለስ የውርደት ምልክት አለመሆኑንም በግልጽ ልናስተምር ይገባል። «አገሬን አሳፍራለሁ» ብሎ በተራራ ላይ የሚቀር ወጣት እንዲኖረን አንሻም። ተራራው በመጪው ዓመትም በቦታው ይገኛል፤ የእኛ ፈንታ ሯጩም እንዲገኝ ማድረግ ነው።