ስንቅ የላኩልን

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከግቢ ሕይወትሽ የማትረሺውን ንገሪን» ብለውኝ ነበር። አስቤ አስቤ ያገኘሁት ግን ከግቢ በፊት ያለውን ሆነ። ይቅርታችሁን፣ ከበሩ ውጭ ልጀምር።

እኔ የመርሳ ልጅ ነኝ። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ፣ ውርጌሳን አልፋችሁ ሲሪንቃ ሳትደርሱ፣ መንገድ ዳር ማንጎና ብርቱካን የምትገዙባት ከተማ ናት። አሥረኛ ክፍልን የተፈተንኩት በ1993 ነው። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ታስታውሳላችሁ፤ በ1994 የሁለት ዓመት መሰናዶ ተጀመረ። ዩኒቨርሲቲ ይሰጥ የነበረው የፍሬሽማን ትምህርት ወደ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረደ፤ የአራት ዓመቱ ዲግሪም ሦስት ዓመት ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ገቢዎች እኛ ነበርን። እውነቱን ለመናገር በማይክሮስኮፕ ያየሁት ጎንደር ከገባሁ በኋላ ነው።

ለመሰናዶ ከአንዲት የሰፈሬ ልጅ ጋር ሆነን ወልድያ አንድ ክፍል ተከራየን። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ይመጣልናል። እናቶቻችን መርሳ ላይ ለመኪና ረዳት ይሰጡታል፤ እኛ መናኸሪያ ሄደን እንጠብቃለን። የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ወቅቱ ሲሆን ደግሞ ማንጎ። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን። በ1995 ረመዳን የገባው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነበር። ለሱሑር ስትነሣ እኔንም ትቀሰቅሰኛለች፤ እሷ ትበላለች፣ እኔ ሻይ እጠጣለሁ፣ ከዚያ እስኪነጋ ሒሳብ እንሠራለን። የእኔ ጾም ሲደርስ እሷም ቅቤውን ትተወዋለች፤ ሁለት ድስት ለመጣድ ማን ጊዜ አለው?

አከራያችን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ያጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ኩራዝ ነው። ጠረጴዛችን የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ነበር፤ መጽሐፉም አንድ ለሁለት። ፊዚክስ ያስረዳችኝ እሷ ናት። እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤ የማልገባኝን እሷ አንዴ አይታ ትጨርሰዋለች።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት እናቷ ታመሙ። የቤቱ ትልቅ ሴት ልጅ እሷ ናትና ሄደች። ሳምንት ብላ የሄደችው ሁለት ወር ሆነ። ለፈተናው መጥታ ተቀመጠች። እኔ አለፍኩ፣ እሷ በጥቂት ነጥብ ቀረች። እኔ ያኔ አስፋልት ያልነበረውን የወልድያ ወረታ መንገድ አቧራ ጠጥቼ ጎንደር ገባሁ። እሷ አገባች፤ በኋላም የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሆነች።

ለብዙ ዓመት «ጎበዝ ስለነበርኩ አለፍኩ» ብዬ ኖሬያለሁ። ስለራስ ይህን ማመን ለማንም አይከብድም።

በ2013 ሰኔ ላይ ደወለችልኝ። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። «ክረምቱን አዲስ አበባ አንቺ ጋ ሆና ታጥና፤ እዚህ የቤት ሥራው አያስቀምጣትም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ተረኛነቱ በዝቶብኝ፣ ቤቴም ጠቦኝ ነበር። «ክረምቱ ይውጣና» አልኳት። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድምፃቸውን አልሰማሁም። በመጨረሻ ስልክ ሲገባ ስለ ትምህርት አልጠየቅኩም፤ የጠየቅኩት «ሁላችሁም አላችሁ?» ብዬ ነው።

የሌላው አካባቢ ተማሪ ኅዳር መግቢያ ላይ ሲፈተን፣ የእኛዎቹ ልጆች በሁለተኛ ዙር ጥር ላይ ተፈተኑ። ልጅቱ አላለፈችም። በዚህ ጊዜ ክረምት ይውጣ አላልኩም። መጥታ ስድስት ወር እኛ ቤት ተቀመጠች። ምን አደረግሽላት ብትሉኝ፣ ጠረጴዛና መብራት ሰጠኋት፤ ስታነብ ደግሞ ማንም «ነይ ውኃ አምጪ» አላላትም። በቃ ይኸው ነው። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2015 መጀመሪያ እንደገና ተፈተነች። ግማሽ አልሞላችም፤ ግን ሪሜዲያል ገባች፣ አለፈችው፣ አሁን ፋርማሲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ልጅቱ ያችው ልጅ ናት። የተለወጠው ጠረጴዛው ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ለምንድን ነው? በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ ሲነገር በየዩኒቨርሲቲው የመምህራን ክበብ «የዛሬ ተማሪ ወርዷል»፣ «እነዚህ የሪሜዲያል ልጆች» ሲባል እሰማለሁ። ኩረጃ መቆሙ ደግ ነው፤ እኔም የምታከመው በትክክል ባለፈ ሐኪም እንዲሆን እፈልጋለሁ። ነገር ግን መምህሮቻችን እዚሁ ግቢ ያስተማሩን የመጀመሪያ ነገር ምን ነበር? ሕመምተኛ ሲመጣ ታሪኩን ሳትጠይቁ ውጤት አታንብቡ። የላቦራቶሪ ወረቀቱ ብቻውን በሽታውን አይነግራችሁም። ታዲያ የፈተና ወረቀት ሲሆን ለምን ታሪኩን እንዘላለን? ይህ ልጅ የት ተቀምጦ አጠና? ስንት ወር ትምህርት ቤቱ ተዘጋበት? ማን ታሞበት ነበር?

ፍሬሽማን ወደ መሰናዶ ወረደ፣ በ2012 ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ፤ የአሥረኛ ክፍል ፈተናም ቀረ። ሥርዓቱ ሲለዋወጥ ያልተለወጠው ስንቅ የሚልከው ቤተሰብ ነው። የማዘጋጀቱን ሥራ በአመዛኙ የተሸከመው እሱ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ለመምህራን፦ በክረምት ላቦራቶሪው ሲዘጋ ለአንድ ሳምንት ክፈቱትና የአካባቢው የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች በማይክሮስኮፕ ይዩ። ለእኛ ለተመራቂዎቹ፦ እያንዳንዳችን ከመጣንበት ወረዳ ለአንድ ልጅ፣ ለፈተናው ዓመት ብቻ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖል። የራሳችሁ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ኪራይም ሊሆን ይችላል። ብቻ «ክረምቱ ይውጣና» አትበሉ።

ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት ከመርሳ በአውቶቡስ አንድ ካርቶን ማንጎ ላከችልኝ። መናኸሪያ ሄጄ ረዳቱን ስጠብቅ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «የጠረጴዛ ኪራይ» ብላ ጽፋበታለች። ደውዬ «ያንቺንስ የፊዚክስ ማስጠኛ መቼ ልክፈል?» አልኳት። «እሱን ለሌላ ልጅ ክፈይው» አለችኝ።