አባታችን ከየት መጣ? እናታችንስ?

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት፥ ከሆሞሻ በመጣ ተማሪ የቀረበ)



ዛሬ የምናገረው ስለ ተወለድሁበት ወረዳ ስለ ሆሞሻ ነው። ሆሞሻ ከአሶሳ በስተሰሜን፥ ከሱዳን ወሰን እምብዛም ሳይርቅ ይገኛል። በአገራችን በብዙ ቤት ልጅ እየሰማው የሚያድግ አንድ የዘር ቆጠራ አለ። ይኸውም፦ «አባታችን አረብ ነው፤ ሃይማኖት ሊያስተምር ከሱዳን መጣ፤ ዘሩም ከነቢዩ አጎት ከዓባስ ይወርዳል» የሚል ነው። ሽማግሌዎቻችን ይህን ቃል በክብር ይናገሩታል፤ እኔም በክብር ሰምቼዋለሁ። ቢሆንም ገበሬ ያጨደውን ሁሉ ወደ ጎተራ አያስገባም፤ አስቀድሞ ይወቃል፥ ያበጥራል። እኛም የአባቶቻችንን ቃል እንደዚሁ ልናበጥረው ይገባናል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ፍሬውን እንያዝ። እንግዶች ወደ አገራችን መምጣታቸው እውነት ነው። በ1504 የተመሠረተው የሰናር ፉንጅ መንግሥት በጸናበት ዘመን ወርቁን ፍለጋ ከሱዳን የሚመጣው ነጋዴ መንገዱን ያውቀው ነበር። በ1821 የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ሰናርን ያዘ፤ ወርቅና ለወታደርነት የሚሆን ባሪያ እየፈለገም እስከ ፋዞግሊ ዘለቀ። ከዚያ ጦር ጋር የመጣው ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ ያየውን ጽፎ አሳትሟል። በ1822 ደግሞ የጃዓሊን ሰዎች በግብሩ ክብደት ተማርረው የጦሩን አለቃ እስማኤል ፓሻን በሸንዲ ከተማ አቃጠሉት። ስለዚህ የመጣባቸው በቀል እጅግ የከፋ ነበር። አለቃቸው መክ ንምር ወደ ኢትዮጵያ ወሰን ሸሸ፤ ከሕዝቡም ብዙው በየአቅጣጫው ተበተነ። ጀላባ የሚባሉት ተጓዥ ነጋዴዎች በበርታ ምድር የበዙት ከዚህ ወዲህ ነው።

እንግዲህ ሽማግሌው «ከሱዳን መጣን» ሲል ታሪክ ይመሰክርለታል። «ሃይማኖት ሊያስተምር መጣ» ሲል ግን ነገሩን ያሳጥረዋል። ከመጡት መካከል ቁርአን የሚያስተምሩ መኖራቸው አይካድም፤ አብዛኛውን ያመጣው ግን ግብር፥ ሰይፍና ወርቅ ነው። ከቅጣት ሸሽቶ መምጣት ነውር አይደለም። ነገር ግን ስደተኛ በልጅ ልጁ አፍ ሲነገር ብዙ ጊዜ ስደተኛነቱ ይቀርና መምህርነቱ ብቻ ይተርፋል።

ሁለተኛው የዓባስ ነገር ነው። ይህን በቀላል ሒሳብ መመዘን ይቻላል። ዓባስ የሞተው በ653 ነው። ከዚያ እስከ 1822 ድረስ 1,169 ዓመት ይሆናል። ለአንድ ትውልድ 30 ዓመት ብንሰጥ ወደ 39 ትውልድ ያስፈልጋል። 20 ስም ብቻ የሚቆጥር ሐረግ ካለ፥ እያንዳንዱ አባት ወደ 60 ዓመት ሲጠጋ ወልዷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰው ሊሆን ይችላል፥ በሃያ ሰው ተከታትሎ ግን አይሆንም። ከዚህም በላይ የጃዓሊን ሕዝብ ራሱ በብዛት አረብኛን የተቀበለና ከአረብ ጋር የተዋለደ የኑብያ ሰው እንደ ሆነ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። የሰናር ነገሥታት ራሳቸውን የኡመያ ዘር ነን ይሉ ነበር። በአገራችንም የ1955ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሳይቀር የንጉሡን ዘር ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ይቆጥር ነበር። ሥልጣን ባለበት ሁሉ የሩቅ አባት ይፈለጋል።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል። ብዙ ሰው «ቤኒሻንጉል» ማለት በአረብኛ «የሻንጉል ልጆች» ማለት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሻንጉል የሚባል አባት ይፈልጋል። ስሙ አስቀድሞ በበርታ ቋንቋ «ቤላ ሻንጉል» ነበር፤ ትርጉሙም የሻንጉል ድንጋይ ማለት ነው። ይህም በመንጌ ተራራ ላይ ያለ የተከበረ ድንጋይ ነው። አረብኛ ተናጋሪዎች «ቤላ»ን «ቤኒ» ባሉት ጊዜ ድንጋዩ አባት ሆነ! በአንዲት ቃል መለወጥ የአገሩ ነባር ምስክር ጠፍቶ በምትኩ የእንግዳ ዘር ቆጠራ ቆመ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እደርሳለሁ። ከስደተኞቹ ነጋዴዎችና ከበርታ ሴቶች የተወለዱት፥ በኋላም በአሶሳና በአካባቢው ሼህ የሆኑት ቤተ ሰቦች «ወጣዊጥ» ይባሉ ነበር። ቃሉ በአረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው፤ ግማሹ ወፍ፥ ግማሹ አይጥ እንደማለት ነው። ስሙ ስድብ ይመስላል፤ አንድ እውነት ግን ይዟል፥ ሁለት ወገን እንዳለን ይመሰክራል። የዘር ቆጠራችን አንዱን ወገን ብቻ ያውቃል።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። በቅሎ አባቷን ደበቀች፤ እኛ ግን እናታችንን ደበቅን። የደበቅናትም እናት የአገሩ ባለቤት ናት። እንግዳው ነጋዴ መሬትና ወገን ያገኘው በጋብቻ፥ ይልቁንም ከበርታ አለቆች ቤት በማግባቱ ነው። በቤታችን የምንነጋገርበትን የበርታ ቋንቋ ያስተማረችን እርስዋ ናት። ሰባት ትውልድ ወደ ላይ የሚቆጥር ሰው በሰባተኛው ደረጃ 128 ቦታ አለው፤ የአባት ሐረግ የሚጠራው ከ128ቱ አንዱን ብቻ ነው። ዛሬ የሚደረገው የዲ ኤን ኤ ምርመራም ቢሆን፥ በወንድ መስመር ብቻ ከተመረመረ፥ ያንኑ አንዱን መልሶ ይነግረናል።

አንዳንዱ ጓደኛዬ፦ «ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው፤ ምን ይጠቅማል?» ይለኝ ይሆናል። ይህ የዘር ቆጠራ ግን ለጌጥ ብቻ የኖረ አልነበረም። ከአገራችን ሰው እየተሸጠ ወደ ሱዳንም ወደ መሃል አገርም ይወሰድ በነበረበት ዘመን፥ «እኔ የእገሌ ልጅ፥ እስላምና አረብ ነኝ» ማለት ጋሻ ነበር፤ በሸሪዓ ነጻ የተወለደ እስላም ባሪያ ሊደረግ አይገባውምና። ጋሻ የሌለው ተሸጠ። ከሻጮቹም መካከል ባለ ሐረጎቹ ሼሆች ነበሩ። በ1898 ራስ መኰንን አገሩን ለዐፄ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላም ወርቁና ሰው መሸጡ አልቆመም። ከእነዚያ ሼሆች ስሙ የገነነው የሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን ቤተ መንግሥት በአዲስ አበባ ይገኛል። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። በመንደራችን ሐረግ የሚቆጥረውና ሐረግ የሌለው ዛሬ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። አንዱ «አረብ ነኝ» ባለ ቁጥር ሌላው የሚሰማው ምን እንደ ሆነ ማሰብ የእኛ ፈንታ ነው።

ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ አለሳንድሮ ትሪዩልዚ ወደ አገራችን መጥቶ፥ ከሽማግሌዎች የሰማውን ከመዛግብት ጋር አመሳክሮ በ1981 መጽሐፍ አሳትሟል። እርሱ እንግዳ ሆኖ ይህን ያህል ከሠራ፥ ቋንቋውን ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው እኛ ምን እንመልሳለን?

ስለዚህ በሚመጣው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፥ አባቶችን ብቻ ሳይሆን አያቶቻችንን ሴቶቹን በስማቸው፥ ከነመንደራቸው እንጠይቅ። ሁለተኛ፥ የሰማነውን እንደ ተነገረን እንጻፍ፤ ማን እንደ ነገረንና መቼ እንደ ሆነ እንጨምርበት፤ የራሳችንን አስተያየት ለብቻው እናድርገው። ሦስተኛ፥ ሐረግ ወደሌለው ጎረቤት ቤትም ገብተን እንጠይቅ፤ እርሱ የሚያስታውሰው በማንም ሼህ መዝገብ አይገኝምና።

እኔ በዚህ ክረምት ከእናቴ እናት እጀምራለሁ። ከጎንደርም፥ ከወለጋም፥ ከሐረርም የመጣችሁ ጓደኞቼ እንዲሁ ብታደርጉና በመስከረም የጻፋችሁትን ይዛችሁ ብትመጡ፥ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ጎን ለጎን አቁመን እናነበዋለን።