ስለ በርበሬ ችግኝ አተካከል



ከቢሮ መልስ ጓሮውን የሚኮተኩት የከተማ ሰው ብዙ ነው። ከጎመኑና ከሰላጣው አጠገብ ጥቂት ቃርያ ያልተከለ ጓሮም አይገኝ ይሆናል። ዳሩ ግን ብዙውን ጊዜ ቅጠሉ ለምልሞ ፍሬው ሲያንስ እናያለን። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ዘሩ ወይም አፈሩ ነው፤ አንዱ ምክንያት ግን የገዛ እጃችን ሥራ፥ ማለት አጨናንቆ መትከል ነው።

ችግኙ ከመደብ ሲነሣ እጅግ ቀጭን ስለ ሆነ፥ በመካከሉ የሚተወው ባዶ መሬት ለዐይን ብክነት ይመስላል። ስለዚህ ባለ ጓሮው ሳይራራ ይሞላዋል። ከሁለት ወር በኋላ ቅርንጫፉ ሲዘረጋ ግን አንዱ የሌላውን ፀሐይ ይከለክላል፤ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ አበባውንም ያረግፋል።

ከዚህ የሚከፋው በሽታ ነው። በተጨናነቀ መደብ ነፋስ ስለማያልፍ የክረምቱ እርጥበት ከቅጠሉ ቶሎ አይደርቅም። አንዳንዱ በሽታ ከውሃ ጋር በአፈር ውስጥ ይጓዛል፤ ግንዱ ከመሬት በሚገናኝበት ላይ ይጠቁርና ትናንት ለምለም የነበረው ተክል ዛሬ ጠውልጎ ይገኛል። ጎረቤቱም ይከተለዋል።

በአገራችን የተለመደው የባለሙያዎች ምክር በረድፍና በረድፍ መካከል 70፥ በተክልና በተክል መካከል ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር እንዲተው ነው። ሜትር ከሌለዎ በስንዝር ይለኩ፤ ሦስት ስንዝርና ስንዝር ተኩል ገደማ ይሆናል። በዚህ ስሌት 21 ካሬ ሜትር ቦታ 100 ያህል ችግኝ ይበቃዋል። 200 ገዝተው እንደ ሆነ ትርፉን ለጎረቤት ይስጡ። ለተገዛ ችግኝ መሳሳት ያለ ነው፤ ነገር ግን 200ውን በአንድ ላይ ያጨቀ ሰው የ100ውንም ፍሬ ሊያጣ ይችላል።

እጅግ ማራራቅም ደግ አይደለም። አፈሩ ተጋልጦ ይደርቃል፤ ፍሬውንም ፀሐይ ይለበልበዋል። ያደጉት ተክሎች ቅጠል ለቅጠል ጥቂት ቢነካኩ ይበቃል።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ በርበሬ ብርዱን ስለማይወድ፥ ፀሐይ የሚያርፍበትን የግድግዳ ሥር ይምረጡ። ለክረምት ውሃ እንዳይተኛበት ረድፉን ከፍ ያድርጉት። ተከላውም ፀሐይ ሲበርድ፥ ወደ ማታ ይሁን።

አሁን ተጨናንቆ የበቀለ መደብ ያለዎ እንደ ሆነ፥ ደካማውን አይንቀሉት፤ ሥሩ ከደህናው ሥር ጋር ተጠላልፏልና። አበባ ሳይዝ በፊት ከአፈሩ አፍ ላይ በመቀስ ይቁረጡት።