ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው

(ስለ ግል መረጃ ጥበቃ በተካሄደ አንድ የውይይት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ንግግሬን የምጀምረው ከቆሎ ነው። በቅርቡ አንድ ምሽት ታክሲ ስጠብቅ ከአንዲት እናት ቆሎ ገዛሁ። በልቼ ጨርሼ ወረቀቱን ልጥል ስል ዓይኔ ማኅተም ላይ አረፈ። ለካስ ቆሎው የተጠቀለለው በመንግሥት መ/ቤት ፎርም ነው። የአመልካቿ ሙሉ ስም፣ የእናቷ ስም፣ የቤት ቁጥሯና ስልኳ አለበት። «የትዳር ሁኔታ» በሚለው ሥር ደግሞ ለቆሎ በላተኛ ቀርቶ ለጎረቤት የማይነገር ነገር ተሞልቷል። «እትዬ፣ ይህን ወረቀት ከየት አመጡት?» ብላቸው፣ «በኪሎ ነዋ የምገዛው ልጄ! ምነው፣ ቆሎው ምን ሆነ?» አሉኝ።

ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ በማግስቱ ለባለፎርሟ ደወልኩላት። «ስልኬን ማን ሰጠዎት?» አለችኝ። «ቆሎ ሻጭ» ስላት ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ጥቂት ዝም ብላ «ታዲያ የት ሄጄ ነው አቤት የምለው?» አለች። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዘንድ ነው አልኳት። «እሱስ የመንግሥት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። የዛሬው ንግግሬ ይህችው ጥያቄ ናት።

ሕግ የለም አልልም፤ ሞልቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል። የምንጽፈውም፣ የምንላላከው ደብዳቤም፣ በስልክ የምንናገረውም አይደፈርም ይላል። ታዲያ በተግባር ምን አየን? በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሲትዝን ላብ የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በውጭ አገር ይሠሩ የነበሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒውተር ላይ የስለላ ፕሮግራም ሊጫን እንደተሞከረ አጋለጡ። ፕሮግራሙ ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሥራ ነበር። በሐምሌ 2015 ደግሞ የዚሁ ኩባንያ ሰነዶች ሲዘረገፉ ከደንበኞቹ መካከል የማን ስም ተገኘ? የኢንሳ! የአገሪቱን የኢንፎርሜሽን መረብ እንዲጠብቅ የተቋቋመው መ/ቤት! ሥጋን ለጅብ አደራ ማለት ከዚህ ወዲያ ምን አለ?

አሜሪካ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊም ኮምፒውተሬ ተጠልፏል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሶ ነበር። የይግባኙ ፍ/ቤት በመጋቢት 2017 የባዕድ መንግሥትን በዚህ ጉዳይ እዚህ መክሰስ አይቻልም ብሎ ፋይሉን ዘጋው። ሰውዬው ተሰልሏል አልተሰለለም የሚለው ሳይመረመር ቀረ። እዚያ ካልተከሰሰ፣ እዚህ ካልተከሰሰ፣ የት ይከሰስ?

ያ ያለፈ ታሪክ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ይሁን። ግን ዛሬ መንግሥት የያዘው መረጃ ከያኔው እጅግ ይበልጣል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው የፋይዳ መታወቂያ የአሥር ጣታችንን አሻራ፣ የዓይናችንን ብሌንና የፊታችንን ምስል ይወስዳል። እኔ ፋይዳን አልጠላም፤ መታወቂያ አጥቶ የተንከራተተ ሰው ጥቅሙን ያውቃል። ነገር ግን የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ጣት አይቀየርም። አንድ ወረቀት ከቆሎ ሻጭ ማዳን ያቃተው አሠራር ይህን ሁሉ ሲሸከም ቢያስፈራኝ ይፈረድብኛል?

መንግሥት መንግሥትን መቅጣት ይችላል ወይ? ይችላል! በኔዘርላንድ የግብር መ/ቤቱ የሕፃናት መዋያ ድጎማ የሚቀበሉ ወላጆችን ያለ አግባብ በአጭበርባሪነት ፈርጆ ስንቱን ቤተሰብ በዕዳ ዘፈቀ። በጥር 2021 ካቢኔው በሙሉ ሥልጣን ለቀቀ። የዚያው አገር የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣንም የአመልካቾችን ዜግነት አላግባብ መዝግቧል ብሎ የግብር መ/ቤቱን በዚያው ዓመት 2.75 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። በ2022 ደግሞ ሕገወጥ የጥቁር መዝገብ ይዘሃል ብሎ 3.7 ሚሊዮን ጨመረለት። ልብ በሉ፤ ቀጪውም ተቀጪውም የመንግሥት ናቸው። ልዩነቱ ቀጪው አለቃ የለውም፤ ስልክ ተደውሎ «ተወው» አይባልም።

እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። አንደኛ፣ አዋጁን የሚያስፈጽመው አካል ከአስፈጻሚው እጅ ወጥቶ ለፓርላማ ተጠሪ ይሁን። ሁለተኛ፣ «የአገር ደህንነት» የሚለው ቃል የሁሉ በር መክፈቻ አይሁን፤ ስልክ የሚጠለፈው ዳኛ አይቶ ሲፈቅድ ብቻ ይሁን። ሦስተኛ፣ መረጃው ያመለጠበት መ/ቤት ለባለቤቱ በግልጽ ይንገረው። አራተኛ፣ የማያስፈልግ ነገር አይጠየቅ፤ ለመብራት ቆጣሪ የእናቴ ስም ምን ያደርጋል?

ወረቀቷን ለባለቤቷ በእጇ ሰጠኋት። ቀዳ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው። አብረውት በኪሎ የተሸጡት ፎርሞች ግን የት እንዳሉ እሷም እኔም አናውቅም፤ ዛሬ ማታም ቆሎ ይጠቀለልባቸው ይሆናል።